ጉልበቱ መልካም፣ ጎማውስ?

አዲስ አበባ ላይ ውድ መኪና የሚገዛ ሰው ከወንበሩ ቆዳና ከቀለሙ በፊት ስለ አየር ቢያስብ ይበጀዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ስስ አየር ስለሚስብ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ዱባይ ላይ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው የኒሳን ፓትሮል ባለ 5.6 ሊትር ቪ8 ሞተር መገናኛ ሲደርስ ከ300 እምብዛም አይበልጥም። ጣርማ በር ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ገዢው የከፈለው ግን ለ400ው ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ይህን ያህል አይጎዳውም።

ይህን የማነሣው “ጉልበት ለጉራ ነው” የሚለውን አባባል ስለማልቀበል ነው። ዓባይ በረሃን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ከፊቱ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በእግረኛ ፍጥነት ይሳባል፤ ከኋላው አውቶቡስ ጡሩምባውን ይነፋበታል። ቀጥ ያለችው መንገድ አጭር ናት። አቅም ያለው መኪና ተሳቢውን ቶሎ አልፎ ወደ መስመሩ ይገባል። አቅም የሌለው ከተሳቢው ጎን እያቃሰተ በተቃራኒው መስመር ላይ ይቆያል። ከኩርባው ድንገት ሌላ መኪና ብቅ ቢል ነጂውን የሚያወጣው የሞተሩ ጉልበት ነው። ልጆች ይዤ ዳገት የምወጣበት መኪና ጉልበት እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ፍጥነትም ደስ ይለኛል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ተነሣ። መርካቶ ውስጥ በእህል ንግድ ጥሮ ግሮ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። ጊዜው የጥድፊያ ነበር። የኤክሳይስ ታክስ ረቂቅ አዋጅ ምክር ቤት ገብቷል፤ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡ እንደሚቆለል ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አዋጁ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቁጥር 1186/2012 ሆኖ ጸደቀ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ደላሎች ይህን አስቀድመው ስላሸተቱ ስልካችን እረፍት አጣ። “ጋሼ፣ ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ በዚህ ዋጋ የለም” ይላሉ። የአጎቴ ልጅ እኔ ሳላይለት ምንም አይገዛም፤ መኪና እንደምወድ ያውቃል።

ከብዙ ማየትና ማገላበጥ በኋላ ሁለት መኪኖች ቀሩ። አንደኛው አገር ምድሩ “ቪ8” እያለ የሚጠራው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 200፣ ባለ ናፍጣው። ሁለተኛው አንድ የጀርመን መኪና ነው፤ ስሙን እዚህ ማንሣት አያስፈልገኝም። ቤንዚን የሚጠጣ፣ ሁለት ቱርቦ ያለው፣ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ፣ ቁመቱ ከጂፕ ጠባዩ ከውድድር መኪና የመጣ። ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለነበር ቸኩሏል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ደላላው ነገሩን አቅልሎ አስቀመጠው፤ “ፍጥነት ከፈለጋችሁ ያኛው፣ ለቤተሰብ ከፈለጋችሁ ይኸኛው።” ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ አልወደድኩትም። የዳገቱን ነገር አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ጉልበት ለቤተሰብም ነው።

ጀርመኑን በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ሞከርነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ንጹሕ አስፋልት ነው፤ የፍጥነቱ ጣሪያ 120 ነው። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር እንደወጣን የአጎቴ ልጅ ነዳጅ ሲሰጠው መኪናው ጀርባችንን ወንበሩ ላይ ለጥፎ ተወረወረ። እስትንፋስ ሳንወስድ 120 ደረሰ፤ እዚያው ላይ ያዘው። መሪው እጅ የሚያዘውን ሁሉ ይሰማል። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ፍሬኑ ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ ብረት አፍንጫውን እንኳ ሳይደፋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ የሰው ልጅ እውቀት ፍሬ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ቪ8ቱን በዚያው መንገድ ስንነዳው ደግሞ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል። 2.7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ አካሉ በከባድ ብረት ሻንሲ ላይ የተጫነ መኪና ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ “ጀርመኑን ያዘው” አልኩ። ቀብድ ተከፈለ፤ ስም እስኪዛወር ድረስ መኪናው እኛ ዘንድ እንዲቆይ ባለቤቱ ፈቀደ።

እነዚህ ሁለት የመኪና ጠባዮች ድሮ እንዲህ አልተራራቁም ነበር። ሬንጅ ሮቨር በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲወጣ ገበሬ ጭቃ ይዞ የሚገባበት፣ ውስጡ በውሃ የሚታጠብ መኪና ነበር። ፖርሼ ካየን በ2002 ሲመጣ በመሮጡ ብቻ አልረካም፤ ለጭቃና ለገደል የሚሆን ሁለተኛ ዝቅተኛ ማርሽም ነበረው። በ2010 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ያንን ማርሽ ጣለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገዢው አይጠቀምበትም፣ ክብደትም ይጨምራል። ሁለቱንም ይዘው ከቀሩት አንዱ የመርሴዲስ ጂ63 ነው። ከዜሮ ተነሥቶ 100 ለመድረስ አምስት ሰከንድ የማይፈጅ ሞተር ቢኖረውም፣ ሦስቱንም ዲፈረንሻሎች የሚቆልፉ ቁልፎች አሁንም ከዳሽቦርዱ መሐል ተደርድረውበት ይታያሉ። የሱን ዋጋ ግን የእህል ነጋዴ አይደርስበትም።

ቀብድ በተከፈለ ሰሞን የሁለታችንም አክስት የባለቤታቸውን ተዝካር መንዝ ውስጥ ሊያወጡ ተዘጋጅተው ነበር። “እናንተው ታደርሱኛላችሁ” አሉን። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አውቶቡስ አይሆናቸውም። እዚህ ላይ ለጀርመኑ መመስከር አለብኝ። በአየር የሚሠራው ሰስፔንሽኑ መኪናውን ዝቅ አድርጎ አቀረበላቸው፤ እትዬ ያለ ማንም ድጋፍ ገብተው ተቀመጡ። ቪ8ቱ ቢሆን ደረጃውን ረግጠው፣ እጀታውን ይዘው፣ እኛ ከኋላ ደግፈናቸው ነበር የሚወጡት።

ችግሩ የመጣው ከዕቃው ጋር ነው። ለተዝካር የሚሄድ ዕቃ ምን እንደሚመስል የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ጌሾ፣ በርበሬ፣ ዱቄት በማዳበሪያ፣ ብርጭቆ በካርቶን፣ የጠላ በርሜል። የጀርመኑ ጀርባ ለውበት ሲባል ወደፊት ያዘመመ ነው። በርሜሉ ቆሞ አይገባም፤ ቢተኛ ደግሞ ለድስቱ ቦታ የለም። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ መስተዋት ስለሆነ ላዩ ላይ የሚጫን ነገር የለም። የገባው ገባ፤ የቀረው በአይሱዙ እንዲላክ ተስማማን። እትዬ ምንም አላሉም፣ ድስቶቹን ግን ዞር ብለው አዩአቸው።

ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን አለፍን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል። ሞተሩ ከፍታውን የሰማ አይመስልም። የተጫኑ አይሱዙዎችን፣ ከባድ የነዳጅ ቦቴዎችን ጎን ለጎን ሳንሰነብት አለፍናቸው። እትዬ ፊት ወንበር ላይ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ “ቀስ በሉ” አላሉም፤ ፍጥነቱ አልተሰማቸውምና። ጣርማ በር አጠገብ፣ ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ ሳይደርስ፣ ወደ መንዝ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ታጠፍን። ቀዝቃዛው አየር፣ የታጨደው የገብስ ማሳ፣ ባናቸውን የተከናነቡ እረኞች። የአጎቴ ልጅ ፊቱ በራ። “ጋሼ፣ ይኸው ዳገቱንም ቻለው” አለኝ። እውነቱን ነበር።

ወደ እትዬ ቀበሌ የሚያስገባው የመጨረሻው መንገድ ግን መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያየው ኮረኮንች ነው። መኪናውን በቁልፉ ወደ ላይ ከፍ አደረግነው፤ ሆዱ ድንጋይ አልነካም። ቀስ ብለን ስንሄድ አንዱ ስል ድንጋይ የኋላውን ቀኝ ጎማ ከጎኑ ሰነጠቀው። ድምፁ ትንሽ ነበር። ወርደን ስናይ ስንጥቁ ሁለት ጣት ያስገባል።

እዚህ ላይ ስለ ጎማ ቁጥር ማስረዳት ግድ ነው፤ አብዛኛው ገዢ ገልጦ የማያየው ነገር እሱ ነውና። የጎማው ጎን ላይ 295/35 አር 21 ይላል። 295 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 35 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ ነው ማለት ነው። 21 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ በድንጋዩና በቸርኬው ብረት መካከል ያለው ጎማ 103 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ላንድ ክሩዘር 200 በሚያደርገው 285/60 አር 18 ጎማ ላይ ይኸው ቁመት 171 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው በመዳፉ የሚለካው ነው። ያ ትርፍ ጎማና አየር ድንጋዩን ተቀብሎ ይታጠፋል፤ ቀጭኑ ግን የሚታጠፍበት ቦታ ስለሌለው ይቆረጣል።

ዕቃውን አራግፈን የኋላውን ወለል ከፈትን። ትርፍ ጎማ የለም። ያለው ትንሽ የአየር መንፊያና ፈሳሽ ማስቲሽ የያዘ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል በግልጽ ያሳያል፤ የሚደፍነው መሬት የሚረግጠውን የጎማ ገጽ ነው እንጂ ጎኑን አይደለም። ክሪክም አልነበረም፤ ትርፍ ጎማ ለማይዝ መኪና ክሪክ ምን ያደርጋል ብለው ይሆናል። የአጎቴ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። እትዬ ከመኪናው ወርደው ጎማውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉትና “ልጄ፣ ገላው ደንዳና፣ እግሩ ስስ” አሉት። ሊነቅፉት አልነበረም፤ አዝነውለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ልክ የሆነ ነገር አላገኘሁም።

የአካባቢው ሰው ወዲያው ደረሰልን። እትዬን በበቅሎ አስቀመጧቸው፤ ዕቃው በአህያ ተጫነ። የአጎቴ ልጅ መኪናውን ጥሎ አልሄድም አለ፤ ጎረምሶች እሳት አንድደው አብረውት አደሩ። የጥር ሌሊት መንዝ ላይ ውርጭ ነው። ባና አምጥተው አለበሱት፤ ጠላና ዳቦ ላኩለት። እኔ ሞላሌ ወጥቼ ጎሚስታ ፈለግሁ። ያገኘሁት ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። በፎቶ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። “ይህ በፌሮና በመዶሻ የሚፈታ አይደለም፤ ቸርኬውን እሰብርብሃለሁ። ቢፈታም ጎኑ የተቆረጠ ጎማ አይጠገንም” አለኝ። ገንዘብ ሊበላኝ ይችል ነበር፤ አልበላኝም።

ከዚያ ስልክ ወደ አዲስ አበባ። ሶማሌ ተራ ያሉ ወዳጆቻችን ቀኑን ሙሉ ጠየቁ። አዲስ የለም። አንድ ያገለገለ ተገኘ፤ የተጠየቀበት ዋጋ በኩንታል የሚነግደውን የአጎቴን ልጅ አስደነገጠው። ሌላም ጭንቀት ነበር። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ካለቀ ዙሪያው ያንሳል፤ ዙሪያው ካነሰ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ይህም መሐል ላይ ያለውን ማርሽ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። የተገኘው ጎማ ያለቀው ምን ያህል እንደሆነ በስልክ ማወቅ አይቻልም። ያም ሆኖ ገዛነው። ከቸርኬው ጋር እንዲላክ አደረግን፤ እዚህ የሚገጥመው የለምና። በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ታስሮ መጣ። ተዝካሩ በዚህ መሐል በወጉ ወጥቶ ነበር። አይሱዙው ድስቶቹንና በርሜሉን ከእኛ ቀድሞ አድርሷል፤ ካህናቱም፣ ድሆቹም፣ ጎረቤቱም በሉ፣ ጠጡ። የአጎቴ ልጅ ግን የአክስቱን ባል ተዝካር ያሳለፈው አንዴ ድንኳን አንዴ መኪናው ዘንድ ሲመላለስ ነው። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ገንዘቡ ይመለሳል።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በዚህ ነገር ተነጋገርን። እሱ ጉልበት ያለው መኪና ሁለተኛ አልነካም አለ። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ጣርማ በርን ያወጣን ጉልበቱ ነው። የጣለን ጎማው ነው። ነገር ግን ሁለቱ የተሳሰሩበት ገመድ አለ። 500 የፈረስ ጉልበት ያለውን መኪና ለማቆም ትልቅ ፍሬን ያስፈልጋል። የፍሬኑ ዲስክ ቸርኬው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ዲስኩ ሲተልቅ ቸርኬውም መተለቅ አለበት። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን እንዲሁ አያድግም፤ አካሉ ስለማያስገባው። ስለዚህ ቸርኬው የበላው ሁሉ ከጎማው ጎን ይቀነሳል። ክፍያ መንገድ ላይ ያደነቅሁት ፍሬንና ኮረኮንች ላይ የተሰነጠቀው ጎማ የአንድ ውሳኔ ሁለት ጫፍ ናቸው። ሠሪዎቹ ይህን አስበው ነው የሠሩት፤ መንገዳቸው ልስልስ ነው፣ ጎማቸው ቢፈነዳ ስልክ ደውለው መኪና ጫኝ በሰዓታት ውስጥ ይመጣላቸዋል። እዚያ ትርፍ ጎማ አለመያዝ ቦታና ክብደት መቆጠብ ነው። መንዝ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ ጉልበት ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። የፈረስ ጉልበት ቁጥር ሞተሩ ሲጮህ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ገና ሞተሩ ሳይጮህ የሚገኘው የመጎተት አቅም ነው። የቪ8ቱ 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር በወረቀት ላይ የፈረስ ጉልበቱ ከጀርመኑ በግማሽ ገደማ ያንሳል። የመጎተት አቅሙ ግን 650 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ይህንንም የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 1,600 ጊዜ ገደማ ሲዞር ነው፣ ማለትም እንዳዘገመ። ሁለት ቱርቦ ስላለው ከፍታው ብዙ አያደክመውም። ፈጣን አይደለም። ተሳቢ ግን ያልፋል፣ ያውም ሙሉ ቤተሰብና ሙሉ ጭነት ይዞ። ከሆዱ ሥር ሙሉ ትርፍ ጎማ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ የነዳጅ ታንከሮቹ አንድ ላይ 138 ሊትር ይይዛሉ፤ ክፍለ ሀገር ማደያ ላይ “ነዳጅ የለም” የሚል ጽሑፍ ላነበበ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ወለል ውስጥ አይገባም፤ ወደ ጎንና ጎን ታጥፎ ነው የሚንጠለጠለው፣ ከዕቃ ቦታውም ብዙ ይበላል። ከተማ ውስጥ ለማቆም ያስቸግራል። ኩርባ ላይ ማዘንበሉን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ጀርመኑን ለነዳ ሰው ይህ ይከብዳል። ያም ሆኖ የአጎቴ ልጅ ለጀርመኑ የተካውን ጎማ ከነዋጋው ለባለቤቱ ትቶ ቀብዱን ተቀበለ፤ ባለቤቱም ሳያንገራግር መለሰለት። አዋጁ ሳይጸድቅ ቪ8ቱን ገዛ። እስካሁን እሱን ይነዳል፤ እትዬን ለጥምቀትም ለመስቀልም ይዟቸው ይሄዳል፤ የሚወጡበት በርጩማ መኪናው ውስጥ አስቀምጧል።

አሁን ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት ጣርማ በር ላይ ያው ነው፤ የመጎተት አቅሙንም መርገጫው እንደተነካ ሁሉንም ይሰጣል። ለእኛ ከፍታ ከዚህ የሚመች ሞተር የለም ብዬ አምናለሁ። ድሮ ሚሊየኖች የሚጠይቅ የነበረው ፍጥነት ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባለው የቻይና መኪና ይገኛል። ግን ባትሪው ወለሉ ሥር ተነጥፏል፤ ስል ድንጋይ ያለበት መንገድ ላይ ይህ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ አይዙም። መሙያውም ከከተማ በተራቀ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

የአጎቴ ልጅ ለሚስቱ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ሰሞኑን ፎቶ ላከልኝ። ባለ ስድስት ወንበር ነው፤ ያምራል። የጎማውን ጎን አንሥቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። 235/50 አር 20 ይላል፤ የጎኑ ቁመት 117 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ለከተማ ይበቃል። ሚስቱ ግን እናቷን ለመጠየቅ ገጠር ትወጣለች። የኤሌክትሪክ መኪና በዘወትር አነዳድ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ ፍሬኑ ያን ያህል ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ 18 ኢንች ቸርኬ ዲስኩን ሳይነካ ይገባ እንደሆነ፣ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት ቦታም ይኖረው እንደሆነ መካኒኩን ሊጠይቅልኝ ቃል ገብቷል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው፤ በዚህ ተስማምተናል።